ማሳሰቢያ፦ ተዋናዩ እዚያ አልነበረም

ካራቺ ውስጥ አንድ ሰፈር ነው። ልጆች መንገድ ላይ ክሪኬት ይጫወታሉ። ሁለት ሰዎች በሞተር ብስክሌት መጥተው ልጆቹ አጠገብ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሱና አንዱን ሕፃን አፈፍ አድርገው ይፈተለካሉ። ሌሎቹ ልጆች እየጮኹ ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በህንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የነበረው ቪዲዮ እዚህ ላይ ያበቃል። ዋናው ቪዲዮ ግን ይቀጥላል፤ ሞተረኞቹ ዞረው ይመለሳሉ፣ ልጁን ከጓደኞቹ መካከል ያስቀምጡታል፣ ከዚያም ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ አንስተው ለካሜራው ያሳያሉ። ነገሩ «ልጆቻችሁን ጠብቁ» ለማለት የተሠራ ማስታወቂያ ነበር፤ ያሠራውም ሮሽኒ ሄልፕላይን የተባለ፣ የጠፉ ልጆችን የሚያፈላልግ የፓኪስታን ድርጅት ነው። ጠለፋው ትወና ነበር።

አንድ ሰው የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች ቆረጠ፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ስልክ ላይ የቪዲዮውን ጫፍ በጣት ይዞ ወደ ውስጥ መግፋት ነው። በዚህች አንዲት ቆረጣ የካራቺው ተዋናይ ያለ ሰሌዳው፣ ሄዶባት በማያውቃት አገር ሕፃን ሌባ ሆኖ ተገለጠ። «ልጅ ሌቦች ገብተዋል» የሚለው ወሬ በዚህና በመሰል ቪዲዮዎች ታጅቦ ከመንደር መንደር ሲዞር፣ በዚያ ዓመት ህንድ ውስጥ ከሃያ በላይ ሰዎች በደቦ ተገድለዋል። ማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት፣ ድሁሌ አውራጃ ውስጥ በአንድ ቀን ብቻ አምስት ጸጉረ ልውጥ የተባሉ ሰዎች ተደብድበው ሞተዋል።

ስለ ሐሰተኛ ቪዲዮ ሲወራ አሁን አሁን ሁሉም የሚጠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አንድ አጉል ልማድ አምጥቶብናል። ፊቱ የእውነት ፊት መሆኑን፣ አፉ ከድምፁ ጋር መሄዱን፣ ጣቶቹ አምስት መሆናቸውን ቆጥረን «ይሄስ እውነት ነው» ብለን እናልፋለን። የካራቺው ቪዲዮ ይህን ፈተና በሙሉ ያልፋል። ፊቱ የእውነት ፊት፣ ሞተሩ የእውነት ሞተር፣ ልጁም የእውነት ልጅ ነው። ውሸቱ ያለው በተቆረጠው ቦታ ላይ ነው፤ የተቆረጠ ነገር ደግሞ አይታይም።

ቪዲዮ በመቁረጥና በመቀጠል እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝና ሥራውን ከውስጥ ልንገራችሁ። ተዋናይን ከባዶ ቦታ ድንገት እንዲገለጥ ማድረግ ማንኛውም ጀማሪ ኤዲተር መጀመሪያ የሚሞክረው ነገር ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቆማል፤ ባዶው ክፍል ይቀረጻል፤ ካሜራው ሳይነቃነቅ ተዋናዩ ገብቶ ቦታውን ይይዛል፤ እንደገና ይቀረጻል። ከዚያ ተዋናዩ ከበሩ እስከ ቆመበት የተራመደው ይቆረጥና ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ። ተመልካቹ የሚያየው ባዶ ክፍልን፣ ወዲያው ደግሞ ከየት መጣ የማይባል ሰውን ነው። ስልክ ያለው ሁሉ ይህን በነጻ በሚገኝ መተግበሪያ ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ሊሠራው ይችላል።

ዘዴው የሲኒማ እኩያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የኤዲሰን ኩባንያ የስኮትላንዷን ንግሥት ሜሪን አገዳደል የሚያሳይ፣ ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ሠርቶ ነበር። ንግሥቲቱ አንገቷን ግንዱ ላይ ስታሳርፍ ካሜራው ቆመ፤ ሌሎቹ ተዋንያን ባሉበት ደርቀው ቀሩ፤ በእሷ ቦታ አሻንጉሊት ተተካ፤ ካሜራው ቀጠለ፤ መጥረቢያው ወረደ። በዓመቱ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ አንዲት ሴት ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ጨርቅ አልብሶ ሰወራት፤ በቦታዋ አጽም አመጣ፤ ከዚያ እሷኑ መለሳት። ሜልየስ ፓሪስ ውስጥ የሮበር ኡደን ቲያትር ባለቤት፣ በሙያውም አስማተኛ ነበር። ይህን ትርኢት መድረክ ላይ ለማሳየት ከወለሉ ሥር ሰው የሚሾልክበት በር ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነው አስማተኞች ከወንበሩ ሥር ጋዜጣ የሚያነጥፉት፣ «እዩ፣ በር የለም» ለማለት። ሜልየስ በፊልሙም ውስጥ ጋዜጣውን አነጠፈ። መሹለኪያ በማያስፈልገው ሥራ መሹለኪያ አለመኖሩን አስመሰከረ፤ ተመልካቹ ወለሉን ሲመረምር ካሜራው መቆሙን ማን ያስብ!

ይቺን ጋዜጣ ያዙልኝ። የዛሬ አጭበርባሪም ያነጥፋታል፤ መታወቂያ ያሳያል፣ የዕለቱን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ ይይዛል፣ «ላይቭ ነኝ» የሚል ቀይ ምልክት ከጥግ ይለጥፋል። የምትጠረጥሩትን ቦታ አስቀድሞ ያጸዳላችኋል፤ መቀሱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው።

በእኛም አገር በቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ዘመን የተሠሩ የሙዚቃ ክሊፖችን ያየ ሰው ዘፋኙ ከዛፍ ሥር ጠፍቶ ድንጋይ ላይ ብቅ ሲል ያስታውሳል። የሰርግ ቪዲዮዎቻችንም ሙሽሮቹን ከጽጌረዳ ውስጥ ሲያወጡ ኖረዋል። ያኔ ማንም አልተታለለም፤ ሠሪውም ተመልካቹም ጨዋታ መሆኑን ያውቁ ነበርና። ችግር የሚመጣው ጨዋታው ከሚያውቁት ሰዎች እጅ ወጥቶ ከማያውቁት ዘንድ ሲደርስ ነው።

የሞተ ሰው እንኳን በመቀስ ብቻ ይነሳል። ብሩስ ሊ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 ሲሞት «ጌም ኦፍ ዴዝ» የተባለውን ፊልሙን ጀምሮ አልጨረሰውም ነበር። በ1978 ፊልሙ «ተጠናቆ» ወጣ። ተመሳሳይ ቁመና ያላቸው ሰዎች ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጥላ ውስጥ ቆመው ተቀረጹ፤ በመሐል በመሐል ከድሮ ፊልሞቹ የተቆረጠ የእሱ ፊት ይገባል። አንድ ቦታ ላይማ መስታወት ላይ የካርቶን ፊቱን ለጥፈው በሥሩ ሌላ ሰው አስቀምጠዋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የራሱን የቀብር ሥነ ሥርዓት እውነተኛ ምስል የታሪኩ አካል አድርገው ማስገባታቸው ነው። ከዚያም በፊት ኤድ ዉድ የተባለው ዳይሬክተር፣ ተዋናዩ ቤላ ሉጎሲ በ1956 ከሞተ በኋላ በእጁ የነበረችውን ጥቂት ደቂቃ ምስል ይዞ፣ የቀረውን የፊልሙን ክፍል የሚስቱን የጀርባ አጥንት አካሚ ፊቱን በካባ አስሸፍኖ ጨርሶታል። ሰውዬው ከሉጎሲ ጋር በቁመትም በመልክም አይገናኝም። ተመልካች ስቆበታል። ግን የሳቀው ፊልም መሆኑን ስላወቀ ነው፤ ያንኑ ምስል ደብዘዝ አድርጎ «የታዋቂው ተዋናይ የመጨረሻ ሰዓታት» ብሎ በቴሌግራም ለሚልክ ሰው ስንቱ ያለቅሳል?

ተዋናዩ ፒተር ሴለርስ እ.ኤ.አ. በ1980 ከሞተ በኋላም «ትሬል ኦፍ ዘ ፒንክ ፓንተር» የተባለው ፊልም ከቀደሙት ሥራዎቹ በተቆረጡና በተጣሉ ትዕይንቶች ተሰፍቶ በ1982 ወጥቷል። ባለቤቱ ሠሪዎቹን እንግሊዝ አገር ከሳ ካሣ ተፈርዶላታል።

ለማታለል የሚያገለግሉት ዘዴዎች ሁሉ እኩል አይደሉም፤ ይህን መለየት ይጠቅማችኋል። አንዱ ፍሬሙን ለሁለት ከፍሎ አንድን ሰው ግራም ቀኝም ማስቀመጥ ነው። የተለያየ ጊዜ የተቀረጹ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ለማስቀመጥም ይሠራል። ምልክት ይተዋል፦ በመካከላቸው ማንም የማይሻገራት መስመር አለች፤ አይጨባበጡም፣ እጅ ትከሻ ላይ አያርፍም፣ የአንዱ ጥላ ሌላው ላይ አይወድቅም። ሁለተኛው ግሪን ስክሪን ነው። የፀጉሩ ጠርዝ የተከተፈ ይመስላል፣ ፀሐይዋ ከኋላው በቀኝ ሆና ፊቱ ላይ ብርሃኑ በግራ ይመጣል፣ እግሩ ሥር ጥላ የለም፤ ለዚህም ይመስላል ብዙዎቹ ከወገብ በላይ ብቻ የሚያሳዩት።

እኔን የሚያስፈራኝ ሦስተኛው ነው፤ ምንም አሻራ የማይተወው። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ በፊልም እንዴት እንደምናያቸው አስቡት። ጠያቂው ይታያል፣ ይቆረጣል፣ መላሹ ይታያል፣ ይቆረጣል። አንድ ክፍል ውስጥ እንዳሉ አእምሯችን ራሱ ይሞላዋል። ተዋናዩ ስቲቭ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው «ዴድ ሜን ዶንት ዌር ፕላድ» ፊልም ላይ ከተዋናዩ ሃምፍሪ ቦጋርት ጋር ያወራል፤ ቦጋርት በ1957 ሞቷል። የድሮ ፊልም ቁራጭ፣ አዲስ ጥያቄ፣ ተመሳሳይ ኮትና ተመሳሳይ መብራት፣ አለቀ። በዚህ ዘዴ ማንኛውንም ባለሥልጣን፣ ማንኛውንም አርቲስት ላልተጠየቀው ጥያቄ መልስ ማሰጠት ይቻላል። ከአምስት ዓመት በፊት ስለ ልጁ ሕመም ተጠይቆ «በጣም አዝኛለሁ» ያለ ተዋናይ፣ ዛሬ ስለ ሌላ ሰው ወይም ስለ ሌላ ብሔር ተጠይቆ «በጣም አዝኛለሁ» ሊል ይችላል። ጠርዝ ብትመረምሩ፣ ጥላ ብትመረምሩ አታገኙትም፤ ሁለቱም ምስሎች ንጹሕ ናቸውና። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ጠያቂውና መላሹ በአንድ ፍሬም ውስጥ አብረው የታዩበት ቅጽበት አለ? ከሌለ፣ ሙሉው ቃለ መጠይቅ የት ነው?

ፍጥነት መቀየርም አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ናንሲ ፔሎሲ ንግግር ወደ ሦስት አራተኛ ፍጥነት ዝቅ ተደርጎ ተለቀቀ። ድምፃቸው እንዳይጎረንን ተስተካክሏል። አንደበታቸው የተሳሰረ፣ ሰክረው የሚያወሩ መሰሉ፤ ሚሊዮኖች አዩት። አንድም ቃል አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም።

ታዲያ ምልክቱን በዓይን ፈልጎ ማግኘት ይበቃል? አይበቃም። ቪዲዮ በዋትስአፕ በተላለፈ ቁጥር ይጨመቃል፤ ስክሪን እየተቀዳ ሲላክ ደግሞ ይብስበታል። ከብዙ ቅብብሎሽ በኋላ የተከተፈው የፀጉር ጠርዝም፣ የጎደለው ጥላም እኩል ይደበዝዛሉ። አጭበርባሪ ይህን ያውቃል፤ ንጹሕ ፋይል በእጁ እያለ አደብዝዞ ይለቃል። ስለዚህ የጥራት መጉደል ሲያጋጥማችሁ «ምስኪን፣ ስልኩ ደካማ ነው» አትበሉ። በዋትስአፕ መልእክቱ ላይ ድርብ ቀስት ካያችሁ ብዙ እጅ አልፎ የመጣ ነው ማለት ነው፤ የላከላችሁ ወንድማችሁ ቢሆንም ምስክር አይደለም፣ እንደ እናንተው ተቀባይ ነው።

ደብዛዛነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ፈረንሳዮች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አጭበርባሪዎች የያኔውን የመከላከያ ሚኒስትር ዣን ኢቭ ለ ድሪያንን አስመስለው ለባለጸጎች በስካይፕ ይደውሉ ነበር። አንዱ የሲሊኮን ጭንብል አጥልቆ፣ ከኋላው ባንዲራ ሰቅሎ፣ መብራቱን አደብዝዞ ይቀመጣል። ሶርያ ውስጥ የታገቱ ፈረንሳውያንን ለማስለቀቅ በምስጢር ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ ከዚያ መስመሩ «ይበላሻል»። ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወሰዱ። ዋናው ተከሳሽ በ2020 ፓሪስ ውስጥ 11 ዓመት ተፈርዶበታል። ከተታለሉት መካከል ስማቸውን ዓለም ያወቀው ባለሀብቶች ነበሩ፤ ስለዚህ «እኔ የተማርኩ ነኝ» የሚለው መከላከያ እንዳይሆናችሁ።

በዚያው አገር አንዲት ሴት ብራድ ፒት ነኝ ላላት ሰው 830,000 ዩሮ ገደማ መላኳ በ2025 መጀመሪያ ላይ በቴሌቪዥን ተነገረ። የተላኩላት ምስሎች «ተዋናዩን» ሆስፒታል አልጋ ላይ ያሳያሉ፤ ለባለሙያ ዓይን ያስቁ ነበር። ሕዝቡም ሳቀባት። ስድቡ ስለበዛባት ጣቢያው ፕሮግራሙን አነሳው። እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር፦ በተታለለ ሰው ላይ መሳቅ ለአጭበርባሪው ደሞዝ መክፈል ነው። የሚቀጥለው ተታላይ መሳቂያ ላለመሆን ዝም ይላል፤ ዝም ባለ ጊዜም ሌላ ሰው ይበላል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ከምናየው ውስጥ ሦስት ዓይነቱ ተደጋግሞ ያጋጥማል። የመጀመሪያው መርዶ ነው። አርቲስት ከሠራው ድራማ ላይ አልጋ ላይ የተኛበት፣ ያለቀሰበት፣ ወይም የተቀበረበት ትዕይንት ተቆርጦ የኀዘን ዜማ ከሥር ይገባና «ነፍስ ይማር» ተብሎ ይለቀቃል። ሰውየው ቤቱ ቡና እየጠጣ እናቱ መርዶ ትሰማለች። የለቀቀው ሰው የሚያገኘው እይታ ነው፤ ቻናሉ ይታያል፣ ሰብስክራይብ ይደረጋል። በዚህ ላይ ሼር የምታደርጉ ሰዎች ከልባችሁ አዝናችሁ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ከማስተላለፋችሁ በፊት አንድ የታወቀ የዜና ተቋም እስኪዘግበው ብትቆዩ ለሟች የሚጎድልበት ነገር የለም።

ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። የታወቀ ተዋናይ ወይም ጋዜጠኛ ከሌላ ቃለ መጠይቁ ላይ «በጣም ተደስቻለሁ፣ ሕይወቴን ቀይሮልኛል» ያለባት አፍታ ትወሰዳለች፤ ከፊትና ከኋላዋ የስኳር በሽታ መድኃኒት፣ የፀጉር ቅባት ወይም «በሳምንት እጥፍ» የሚል የገንዘብ ማስገቢያ ይሰፋባታል። የሚነገረው በእሱ ድምፅ ሳይሆን ከላይ በተጫነ ሌላ ድምፅ ከሆነ፣ የምርቱ ስም ከራሱ ከንፈር ካልወጣ፣ እቃውን በእጁ ካልያዘ፣ ቪዲዮውም በራሱ በታወቀው ገጹ ላይ ከሌለ፣ ሰውየው ስለ እቃው ሰምቶም አያውቅ ይሆናል። መድኃኒት ሲሆን ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። የሐኪም ትእዛዙን ትቶ የቴሌግራም ዱቄት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ሦስተኛው ጥሪ ነው። በቪዲዮ ይደወላል፤ የምትወዱት አርቲስት ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ይላል፣ ፈገግ ይላል፣ እጁን ያውለበልባል፤ ከዚያ ኔትወርኩ ይበላሽና ንግግሩ በጽሑፍ ይቀጥላል። ቀድሞ የተቀረጸ ምስልን ካሜራ አስመስሎ ወደ ጥሪ የሚያስገባ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ምስሉ ከራሱ ከዘመዳችሁ የቲክቶክ ገጽ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። መካከለኛው ምሥራቅ ያላችሁ እህቶች በተለይ ስሙኝ፦ ለቤተሰብ ስትሉ ገጻችሁ ላይ የለጠፋችሁት ሰላምታ እናታችሁን ለማታለል ሊያገለግል ይችላልና፣ አሁኑኑ ደውላችሁ ከእማማ ጋር ሌላ ሰው የማያውቀው ጥያቄ ተቀጣጠሩ። የልጅነት ስም፣ የላሟ ስም፣ ማንም ያላየው ነገር ይሁን። እማማ የቪዲዮ ጥሪ ሲመጣ «ፊትሽን በእጅሽ ሸፍኚና ግለጪ፣ ቀኝ ጆሮሽን ያዢ» ማለትን ትልመድ። ቀድሞ የተቀረጸ ምስል ትእዛዝ አይሰማም። ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ስልኩን ዘግቶ በቀድሞው ቁጥር መልሶ መደወል ነው፤ በደወለው ቁጥር ሳይሆን በምታውቁት። ቴሌብር ላይ የሚወጣውን ስምም ከመላካችሁ በፊት አንብቡ፤ የአርቲስቱ ወይም የልጃችሁ ስም ካልሆነ አትላኩ።

አሁን ደግሞ ለሙያ ጓደኞቼና ለቲክቶክ ወጣቶች። የካራቺው ማስታወቂያ ሠሪዎች ክፉ አላሰቡም፤ ልጅ ለማዳን ነው የሠሩት። እውነቱን ግን መጨረሻ ላይ አስቀመጡት፤ መጨረሻ ደግሞ ለመቀስ የተመቸ ነው። በሰፈራችን የጠለፋ፣ የዘረፋ፣ የድብደባ «ፕራንክ» እየሠራችሁ መጨረሻ ላይ እየሳቃችሁ «ቀልድ ነው» የምትሉ ልጆች፣ ያቺን ሳቅ ሌላ ሰው እንደሚቆርጣት ከወዲሁ ቁጠሩት። «ትወና ነው» የሚለው ጽሑፍ ከመጀመሪያዋ ፍሬም እስከ መጨረሻዋ ይኑር፤ ጥግ ላይ ሳይሆን ፊትና ደረት አካባቢ፣ ክሮፕ ሲደረግ የማይወጣበት ቦታ ይቀመጥ። ውበቱን ያበላሻል? አዎ፣ ያበላሻል። ፖሊስ ወይም ወታደር ሆናችሁ ከተጫወታችሁ ደግሞ የደንብ ልብሱ ላይ የእውነት ምልክት አታድርጉ፤ በሰላም ጊዜ የሚያስቅ ምስል ግጭት በተነሳ ማግስት ሌላ ትርጉም ይዞ ይዞራል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሌላ አገርና የሌላ ዓመት ምስሎች የእኛ ተብለው ስንት ጊዜ እንደዞሩ ሁላችንም አይተናል። ኤዲተሮችም ጥሬውን ፉቴጅ ቶሎ አታጥፉ። አንድ ተዋናይ «ይህን አላልኩም» ሲል ሙሉውን ቀረጻ ማውጣት ካልቻላችሁ፣ እሱን የሚያድነው ሌላ ማስረጃ ላይኖር ይችላል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ለታወቁ ሰዎችና ለሕዝብ ጉዳይ በር ይከፍታል፤ ዝነኛ ሰውን በዜና ማሳየት ይቻላል። ያልሸጠውን ቅባት እንዲሸጥ ማስመሰል ግን በዚያ በር የሚገባ አይመስለኝም። ተዋንያን በትወናቸው ላይ ያላቸውን መብት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቃል፤ በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማጭበርበር በአዋጅ ቁጥር 958/2008፣ ሐሰተኛ መረጃን ማሰራጨት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይታያል። ስለዚህ ሼር ያደረገ ሰው «እኔ አልሠራሁትም» ብሎ ብቻ የሚያመልጥ እንዳይመስለው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሁሉን ነገር «ኤዲት ነው» ማለትም ሰው ይገድላል። ሊቢያ ውስጥ ባኒ ዋሊድ በመሳሰሉ ቦታዎች ደላሎች ስደተኞችን እያሠቃዩ ምስሉንና ጩኸቱን ለቤተሰብ የሚልኩት እውነት ነው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ቤተሰቦች ይህን ያውቁታል። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ከማመናችሁም ከመካዳችሁም በፊት በቀጥታ ለማነጋገር ጠይቁ፤ ያችን ቤተሰብ ብቻ የሚያውቃትን ጥያቄ አቅርቡ፤ አብረውት የወጡትን ልጆች ቤተሰቦች ፈልጉ። ጎረቤት ሰብስባችሁ በየቡድኑ አትበትኑት፤ የታገተው ልጅ ክብርም አለ። መልእክቱን አትሰርዙ፤ በስክሪን ቀድታችሁም ዋናውን አታጥፉ፤ የላኪው ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ ያለው ከዋናው ጋር ነው። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱም ቅጂ በፍላሽ ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ መልእክቱ የገባበትን ስልክ ራሱን ውሰዱ።